አሮጌ መኪናን ደረጃ በደረጃ ማሻሻል፦ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ፊዚክስ ነው

አሮጌ መኪና ገዝቶ ፈጣን ሊያደርገው የሚሻ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከሞተሩ ነው። ማርሚታውን አስወልቆ ድምፁ የሚያስገመግም ሌላ ያስገጥማል፤ የአየር ማጣሪያውን ይለውጣል፤ አልፎ ተርፎም ቴስታታውን ያስከፍታል። መኪናውም ከቀድሞው ፈጠን ይላል። ነገር ግን ያ የተጨመረው ፍጥነት በመታጠፊያ ላይ በምን እንደሚያዝ፣ በቁልቁለት ላይም በምን እንደሚገታ ሳይታሰብበት ይቀራል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አንድን አሮጌ መኪና በሥራ ቀናት ለመደበኛ መንገድ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ለእሽቅድምድም ሜዳ እንዲያገለግል አድርጎ ቀስ በቀስ ማሻሻል እንዴት እንደሚቻል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት በአብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ውስጥ ይገኛል። ሐሳባችንን ባጭሩ ለማስቀመጥ፣ መኪና በደህና ሊፈጥን የሚችለው ደካማው ክፍሉ በፈቀደለት መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ማሻሻያው መጀመር ያለበት መኪናውን ከሚያቆሙትና ከመሬት ጋር ከሚያገናኙት ክፍሎች ሲሆን፣ የሞተሩ ተራ የመጨረሻው ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው መኪና

የቶዮታ ኮሮላን ስም በአገራችን የማያውቅ የለም። የጃፓኑ ፋብሪካ በ1983 እ.ኤ.አ. አምስተኛውን የኮሮላ ትውልድ ሲያወጣ አብዛኞቹን ሞዴሎች በፊት ጎማ እንዲነዱ አደረገ። ሌቪን እና ትሩዌኖ የተባሉት ባለ ስፖርት ቅርፅ ሞዴሎች ግን እንደ ቀድሞው በኋላ ጎማ መነዳታቸውን ቀጠሉ። እነዚህ እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የተሠሩት መኪናዎች በፋብሪካው መለያ «ኤኢ86» ይባላሉ። «ኤ» የሞተሩን ቤተሰብ፣ «ኢ» ኮሮላነቱን፣ «8» ትውልዱን፣ «6» ደግሞ ዓይነቱን ያመለክታል።

የኤኢ86 ሞተር 1,587 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት፣ አራት ሲሊንደርና 16 ቫልቭ ያለው ሲሆን፣ አቅሙ 120 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ይህ በዛሬ ሚዛን ትልቅ አኃዝ አይደለም። መኪናው ግን ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች ነው። በጃፓን ተራራማ መንገዶችና የውድድር ሜዳዎች ስሙ የገነነውም ከሞተሩ ይልቅ በቅለቱና በሚዛኑ ነው። ኬይቺ ቱቺያ የተባለው እውቅ ተወዳዳሪ በዚህ መኪና ስም አትርፏል፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተመው «ኢኒሻል ዲ» የተሰኘ ሥዕላዊ ታሪክም ዝናውን በዓለም አዳርሶታል። ዛሬ መኪናው የአርባ ዓመት ዕድሜ አለው። ስለሆነም ለጥያቄያችን ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

አራት መዳፎች

መኪና ሲፈጥን፣ ሲቆምም ሆነ ሲታጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል ሁሉ የሚመጣው በጎማና በመሬት መካከል ካለው ሰበቃ ነው። ይህ ንክኪ ምን ያህል ስፋት እንዳለው ለመገመት ቀላል ስሌት እንሥራ። የመኪናው መጠነ ቁስ 950 ኪሎ ግራም ቢሆን ክብደቱ ወደ 9,300 ኒውተን ይሆናል። በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት 200 ኪሎ ፓስካል ከሆነ ክብደቱን ለግፊቱ ስናካፍል 465 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ እናገኛለን። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጎማ 116 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሰዋል። ይህም ከሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም እውነታውን ያሳያል፤ የአሽከርካሪው ሕይወት የተንጠለጠለው በአራት መዳፎች ላይ ነው።

እነዚህ መዳፎች የሚሰጡት ኃይል ወሰን አለው። ጥሩ የመንገድ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃ አኃዙ 0.9 ነው ብለን እንውሰድ። መኪናው በመታጠፊያ ላይ ሳይንሸራተት ሊሄድ የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት የሦስት ነገሮች ብዜት ዳግም ዘር ነው፤ እነርሱም የሰበቃው አኃዝ፣ የመሬት ስበትና የመታጠፊያው ሬዲየስ ናቸው። ሬዲየሱ 50 ሜትር ከሆነ ውጤቱ በሴኮንድ 21 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 76 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ቀመር ውስጥ የሞተሩ አቅም ፈጽሞ እንደማይገባ ልብ ይሏል። የፈረስ ጉልበቱን በእጥፍ ብናሳድግ የመታጠፊያው ፍጥነት በአንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይጨምርም። የሰበቃው አኃዝ ወደ 1.1 ቢያድግ ግን ፍጥነቱ ወደ 84 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል።

ሌላም አስፈላጊ ነጥብ አለ። ጎማ ያለውን ኃይል ለመቆሚያና ለመታጠፊያ ያከፋፍላል፤ ሁለቱ ኃይሎች ቀጤ ነክ ቬክተሮች በመሆናቸው የሚደመሩት በፓይታጎረስ ሕግ ነው። አሽከርካሪው ከጎማው አቅም 80 በመቶውን ለመታጠፍ ከተጠቀመበት ለፍሬን የሚተርፈው 20 በመቶ ሳይሆን 60 በመቶ ነው። መቶ በመቶውን ለመታጠፍ ከተጠቀመበት ግን ለፍሬን የሚቀር ነገር የለም። በመታጠፊያ መካከል ደንግጠው ፍሬን የሚረግጡ ሰዎች መኪናቸው ከመንገድ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ አንድ፦ ወደ ነበረበት መመለስ

የመጀመሪያው ማሻሻያ አዲስ ነገር መጨመር ሳይሆን ዕድሜ የወሰደውን መመለስ ነው። ጎማና የላስቲክ ክፍሎች ከኦክስጅንና ከኦዞን ጋር በመዋሐድ ከዓመታት በኋላ ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉም። በእግር ሥር ያሉት የላስቲክ ቡሾች ሲበሉ መኪናው ፍሬን በተያዘ ቁጥር የጎማው አቅጣጫ ራሱ ይለዋወጣል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ውድ ሞላ ማስገጠም በሚፈርስ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደመቀባት ነው።

በቅድሚያ ሊመረመሩ የሚገባቸው የአካሉ ዝገት፣ በተለይም ሾክ አብዞርበሮች የሚታሰሩበት ቦታ፣ ቡሾች፣ ኩሽኔታዎች፣ የመሪው መገጣጠሚያዎች፣ የፍሬን ቱቦዎችና የራዲያተሩ ጎማዎች ናቸው። የጎማ ዕድሜም ከጥርሱ ጥልቀት ባልተናነሰ መታየት አለበት። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የምርቱን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ ለምሳሌ «2319» ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

ቶዮታ ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. ለኤኢ86 ባለቤቶች መለዋወጫ እንደገና ማምረት ሲጀምር በቅድሚያ ካቀረባቸው ዕቃዎች መካከል የመሪ ክንዶች፣ የኋላ ፍሬን ካሊፐሮችና የኋላ አክስል ዘንጎች ይገኙበታል። ሦስቱም ፍጥነት የሚጨምሩ ሳይሆኑ መኪናውን የሚመሩ፣ የሚያቆሙና የሚሸከሙ ክፍሎች ናቸው።

ደረጃ ሁለት፦ ፍሬን የሙቀት መሣሪያ ነው

የሚንቀሳቀስ አካል ጉልበት የመጠነ ቁሱ ግማሽ በፍጥነቱ ዳግም ርቢ ሲባዛ የሚገኘው ነው። አሽከርካሪውን ጨምሮ 1,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ወደ 96 ኪሎ ጁል ጉልበት ይይዛል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 386፣ በ150 ኪሎ ሜትር ደግሞ 868 ኪሎ ጁል ይደርሳል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ጉልበቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። መኪናው ሲቆም ይህ ጉልበት አይጠፋም፤ በፍሬኑ አማካይነት ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ከዚህ ሙቀት 70 በመቶው ወደ ፊት ዲስኮች ይሄዳል፣ ሁለቱ ዲስኮችም እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። አንድን ኪሎ ግራም ብረት በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 460 ጁል ያህል ስለሚያስፈልግ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ጊዜ መቆም የዲስኮቹን ሙቀት ወደ 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። በከተማ መንገድ ዲስኩ ከአንዱ ፍሬን እስከ ቀጣዩ ይቀዘቅዛል። በእሽቅድምድም ሜዳ ግን አንዱ መታጠፊያ ከሌላው ስለሚከተል ሙቀቱ እየተጠራቀመ ወደ ብዙ መቶ ዲግሪዎች ይዘልቃል።

ይህ የሜዳ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ለ1,000 ሜትር ብቻ እንኳ ብናሰላ የሚለቀቀው ጉልበት 9,800 ኪሎ ጁል፣ ማለትም ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ ከመቆም ጋር የሚተካከል ነው። በከባድ ማርሽ መውረድ የሚመከረው ከዚህ ጉልበት ከፊሉን ሞተሩ እንዲሸከም ነው።

ሙቀት በመጀመሪያ የሚያጠቃው የፍሬን ዘይቱን ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው ደረጃ አዲስ ሳለ የሚፈላበት ነጥብ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ወደ አራት በመቶ የሚጠጋ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይት አይታመቅም፤ የፈላው ዘይት የሚፈጥረው እንፋሎት ግን ይታመቃል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ ከማሻሻያዎች ሁሉ በርካሹ ሕይወት የሚያድነው አዲስ የፍሬን ዘይት መለወጥ ነው።

ቀጣዩ የፍሬን ሸራ ነው። የመንገድ ሸራ ሲቀዘቅዝ በደንብ ይይዛል፤ ከልክ በላይ ሲሞቅ ግን የሰበቃው አኃዝ ይወድቃል። የእሽቅድምድም ሸራ በተቃራኒው ሲሞቅ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደካማ ነው። ጠዋት ሠፈር ውስጥ ሕፃን ልጅ ድንገት ወደ መንገድ ቢገባ የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ሆኖ የሚይዝ ሸራ ነው። ለሁለቱም አገልግሎት የሚውል መኪና መካከለኛውን ዓይነት ሊመርጥ፣ አለዚያም ሸራውን ሜዳ ላይ ሊቀይር ይገባዋል።

ትልቅ ዲስክን በተመለከተ የተሳሳተ ግምት አለ። የነበረው ፍሬን ጎማውን ማቆለፍ የሚችል ከሆነ ትልቅ ዲስክ የአንድ ጊዜ መቆሚያን ርቀት አያሳጥርም። ምክንያቱም ርቀቱን የሚወስነው ጎማው ነው፤ በ0.9 የሰበቃ አኃዝ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመቆም 44 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። የትልቅ ዲስክ ጥቅም አሥረኛው ፍሬን እንደ መጀመሪያው እንዲይዝ ማድረጉ ነው።

ደረጃ ሦስት፦ ጎማ

ፍሬኑ ከተስተካከለ በኋላ ለመኪናው የሚታይ ለውጥ የሚያመጣው ጥሩ ጎማ ነው። ለስላሳ የውድድር ጎማ በሞቀ ጊዜ የሰበቃ አኃዙ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል፤ ጥርሱም ጥልቀት ስለሌለው በዝናብ ጊዜ ውኃውን ማስወጣት ይሳነዋል። በመሆኑም ሁለት ዓይነት ጎማ መያዝ ከሁሉ የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ የጋዝ ሕግ ይመጣል። በባሕር ጠለል አካባቢ በ20 ዲግሪ ሙቀት 200 ኪሎ ፓስካል የተነፋ ጎማ ጠቅላላ ግፊቱ ከከባቢ አየሩ ጋር 300 ነው። በሜዳ ላይ አየሩ ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ጠቅላላው ወደ 361፣ መለኪያው የሚያሳየው ደግሞ ወደ 261 ከፍ ይላል። አሽከርካሪዎች በሜዳ ላይ አየር የሚያስተነፍሱት ለዚህ ነው። ወደ ቤት ከመመለሳቸው በፊት መልሰው መንፋትን ከረሱ ግን ጎማው ቀዝቅዞ ከሚገባው በታች ሆኖ ይገኛል፤ ይህም በፈጣን መንገድ ላይ አደገኛ ነው።

ደረጃ አራት፦ ሞላና ሾክ አብዞርበር

መኪና ሲታጠፍ ክብደት ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጨኛው ይተላለፋል። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 0.5 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀትም 1.35 ሜትር ቢሆን፣ በ0.9 የሰበቃ አኃዝ በሙሉ አቅሙ የሚታጠፍ የ1,000 ኪሎ ግራም መኪና ከአንድ ወገን ወደ ሌላው የ333 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ያስተላልፋል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ በእያንዳንዱ ወገን 500 የነበረው ጭነት 167 እና 833 ይሆናል ማለት ነው።

ብዙዎች ጠንካራ ሞላ ይህን ዝውውር የሚያስቀር ይመስላቸዋል። የዝውውሩ ጠቅላላ መጠን የሚወሰነው ግን በክብደት ማዕከሉ ከፍታና በጎማዎቹ ርቀት ነው። ሞላ የሚለውጠው የአካሉን ማዘንበልና ጭነቱ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የሚከፋፈልበትን መንገድ ነው። መኪናን ዝቅ ማድረግ በመጠኑ ይረዳል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን በኤኢ86 ዓይነት የፊት እግር ላይ የክንዶቹ አቅጣጫ ስለሚዛባ መኪናው ይበልጥ ያዘነብላል። በጃፓን በመንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ከመሬት ያለው ርቀት ከ9 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ሕግ ያስገድዳል፤ የተለወጠ መኪናም «ሻከን» የተባለውን የቴክኒክ ምርመራ ካላለፈ መንገድ ላይ አይወጣም።

ሞላ ሲለወጥ ሾክ አብዞርበሩም አብሮ መለወጥ አለበት። የሞላ ጥንካሬ በእጥፍ ሲያድግ የመኪናው የመወዛወዝ ድግግሞሽ በሁለት ዳግም ዘር፣ ማለትም በ1.4 ገደማ ይባዛል። የቀድሞው ሾክ አብዞርበር ይህን ውዝዋዜ ማብረድ ስለማይችል መኪናው ይነጥራል። የነጠረ ጎማ ደግሞ መሬት ስለማይነካ ሰበቃ የለውም። እንደ ጠረጴዛ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የሚያሸንፍ ጠንካራ ሞላ በኮብልስቶንና በተቦረቦረ አስፋልት ላይ ከፋብሪካው ሞላ የባሰ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ደረጃ አምስት፦ ቅለትና ደኅንነት

ክብደትን መቀነስ ሁሉን የሚጠቅም ማሻሻያ ነው፤ ሞተሩ የሚገፋው፣ ፍሬኑ የሚያሞቀው፣ ጎማውም የሚሸከመው ይቀንሳል። ሆኖም የመቀመጫ ቀበቶን የመሰለ የደኅንነት መሣሪያ የሚቀነስ ክብደት አይደለም። የውድድር መኪናዎች ውስጥ የሚገጠመው የብረት ማዕቀፍም ሁለት ፊት አለው። የራስ ቁር ያደረገ ተወዳዳሪን ከመገልበጥ አደጋ ይጠብቃል። የራስ ቁር በሌለበት በመደበኛ መንገድ ላይ ግን ያው ብረት በቀላል ግጭት ራስን ሊመታ ይችላል።

ደረጃ ስድስት፦ ሞተር

ሞተሩም ቢሆን የሚጀመረው ከማቀዝቀዣውና ከዘይቱ ነው። በረጅም መታጠፊያ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ የዘይት ፓምፑ አየር ሊስብ ይችላል፤ ጥቂት ሴኮንዶችም ኩሽኔታዎችን ለማቃጠል ይበቃሉ። በዘይት መያዣው ውስጥ የሚገጠሙ ቀላል የብረት ግድግዳዎች ይህን ይከላከላሉ።

ከዚያ በኋላ የሚጨመር አቅም ምን ያህል ያስገኛል? በከፍተኛ ፍጥነት የአየርን መከላከል ለማሸነፍ የሚያስፈልገው አቅም የሚያድገው በፍጥነቱ ሣልስ ርቢ ነው። ከፍተኛውን ፍጥነት በ10 በመቶ ለማሳደግ 33 በመቶ ተጨማሪ አቅም ያስፈልጋል። በተጨማሪም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠለል ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው የ120 የፈረስ ጉልበት ሞተር ወደ 95 አካባቢ ይወርዳል። የጎማ ሰበቃ ግን በከፍታ አይቀንስም፤ የሚገታው የመኪናው መጠነ ቁስም ያው ነው። እንዲያውም ፔዳሉን የሚያግዘው የፍሬን መሣሪያ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት በመሆኑ በከፍታ ላይ እገዛው ያንሳል። በደጋ አገር ለጎማና ለፍሬን የወጣ ገንዘብ ለሞተር ከወጣው ይልቅ የተሻለ ዋጋ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መለካትና መመዝገብ

ይህን ሁሉ ሥራ ከዘፈቀደ የሚለየው ሳይንሳዊ ዘዴ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት ሁኔታ መለካት፣ ውጤቱንም በደብተር መመዝገብ ያስፈልጋል። የጎማ ግፊት፣ የአየሩ ሙቀት፣ የዙር ሰዓትና የፍሬን ሸራው ውፍረት ቢያንስ መመዝገብ አለባቸው። አምስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው መኪናው ቢሻሻል በየትኛው እንደተሻሻለ፣ ቢበላሽም በየትኛው እንደተበላሸ ሊያውቅ አይችልም።

አሽከርካሪውም የመኪናው አካል መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ፍሬን ለመርገጥ አንድ ሴኮንድ ቢዘገይ፣ መኪናው ገና መቆም ሳይጀምር 28 ሜትር ሄዷል። ይህን ርቀት የሚያሳጥር ዕቃ በገበያ ላይ የለም፤ የሚያሳጥረው ልምምድና ጥንቃቄ ነው። የልምምዱም ቦታ እግረኛና ሕፃናት የሚመላለሱበት የሕዝብ መንገድ ሳይሆን የተዘጋ ሜዳ ብቻ ነው።

መልመጃ

1. ሬዲየሱ 80 ሜትር በሆነ መታጠፊያ ላይ የሰበቃው አኃዝ በደረቅ 0.9፣ በእርጥብ 0.5 ቢሆን፣ ከፍተኛው ፍጥነት በሁለቱም ሁኔታ ስንት ነው?

2. 950 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና 1,000 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስንት ጊዜ ከመቆም ጋር ይተካከላል? መልሱስ ከመኪናው መጠነ ቁስ ጋር ይለዋወጣልን?

3. የ1,000 ኪሎ ግራምና የ120 የፈረስ ጉልበት መኪና 80 ኪሎ ግራም ቢቀነስለት፣ ክብደቱ ሳይቀነስ ስንት የፈረስ ጉልበት ካለው መኪና ጋር ይተካከላል?

መልስ፦ 1) በሰዓት 96 እና 71 ኪሎ ሜትር ገደማ። 2) ወደ 40 ጊዜ፤ መጠነ ቁሱ በሁለቱም ወገን ስለሚጣፋ መልሱ አይለዋወጥም። 3) ወደ 130 የፈረስ ጉልበት።